ግመሎች እኩል የሚሮጡባት ከተማ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ

ከምንሠራበት የዓረብ ሰፈር፣ ከአል አንሳብ፣ ስንነሳ ሰማዩ ገና ግራጫ ነው። ሹፌራችን ኑረዲን፣ የወሎ ልጅ፣ "ያላ እህቶቼ! በረሃ የሚያቃጥለው አርፋጅን ነው" ይላል። ከኋላ እኔና ጓደኛዬ ጽጌ ተቀምጠናል።

የምንሄደው ቢዲያ ነው፤ ትንሽ የበረሃ ከተማ፣ ዛሬ የግመል በዓል ያለባት። ለእኔ ሽርሽር ነው። ለጽጌ ግን ሌላ ነገር አለው። ታናሽ ወንድሟ አስቻለው እዚያ ግመል ያሠለጥናል። አገር ቤት ያሉት የእናታቸው ዓይን እየደከመ ነው፤ ጨርሶ ሳይጠፋ ሊያዩት ይመኛሉ። አሠሪው ደግሞ "ግመሎቼ ዛሬ ካኮሩኝ ፈቃድ እሰጥሃለሁ" ብለውታል።

ሁለት ሰዓት

መንገድ ዳር ለሻይ ቆምን። ሻጩ የወተት ሻይ ሊቀዳ ሲል ጽጌ "ሐሊብ ማፊ! ጾም ነው" ብላ ጮኸች። ቀይ ሻይ ጠጣን፤ ዋጋው መቶ መቶ ባይሳ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ኑረዲን የጎማውን አየር ቀነሰና አሸዋው ላይ ወጣ። የአሸዋው መልክ ልክ እንደ ሽሮ ዱቄት! ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮህን።

ረፋድ

ሜዳው ነጭ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። አስቻለው ከሩቅ እጁን አውለበለበልን። ሁለቱ ግመሎቹ ጎን ለጎን ተነሱ። የግራዋ ቀደም ስትል እኔና ጽጌ ዘለልን፤ "ቅደሚ! ቅደሚ!" እልልታውን አቀለጥነው። ዙሪያችን ጭር አለ። አስቻለው ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል።

"ምን ሆነ?" አልኩት ኑረዲንን።

"ጉድ አፈላችሁ! እዚህ መቅደም ነውር ነው። የሚመሰገነው እኩል የሮጠ ነው። ደግነቱ አንድ ዙር ቀርቷቸዋል።"

ጽጌ አፏን በሻሿ ያዘች። መጡ! አንገት ለአንገት፣ እግር ለእግር፤ ጋላቢዎቹ ጀርባቸው ላይ ቆመው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ሽማግሌው አሠሪ የአስቻለውን ትከሻ መታ አደረጉ። "ኻላስ፣ በቃ። ሂድ፣ እናትህን እያት።"

አስቻለው ወደ እህቱ ሮጦ መጣ። "እታለም፣ ለእማዬ ምን ልበልልሽ?"

ጽጌ ትንሽ አሰበች። "ወፍራለች በልልኝ።"

ቀጭን ክንዷን አየና "እሺ" አለ። አንድ ፌስታል ሙሉ ቴምር አስታቀፋት።

አመሻሽ

መንገዱን ሙሉ ጽጌ ቴምሯን ስትበላ አል አንሳብ ደረስን።

"ኧረ ቀስ በይ፣ ሆድሽን ያምሻል!" አልኳት።

"ወንድሜን ውሸታም ላድርገው እንዴ?" አለችና ሌላ ጎረሰች።