ደባርቅ፦ የአባቴ ተራ እስኪደርስ

ረቡዕ ንጋት፤ ጎንደር መናኸሪያ

"ሞልቷል፣ ቶሎ በይ" ተብዬ እየሮጥኩ ደረስኩ። የእኛን መናኸሪያ የምታውቁ "ሞልቷል" ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግማሾቹ ለማሟያ የተቀመጡ ወያላዎች ናቸው፤ እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ አንድ በአንድ እየተነሱ ይወርዳሉ። እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልበትም። ገባሁ፣ ወረድኩ፣ ሻይ ገዛሁ፣ ሻዩን ሳልጨርስ ተመልሼ ገባሁ።

"እህቴ፣ በሩ ሊነቀል ነው" አለኝ ሹፌሩ። ጎልማሳ ነው፤ ፎጣውን እስከ አፍንጫው ተጠምጥሟል።

የምሄደው አባቴን ለማምጣት ነው። አባቴ ደባርቅ ላይ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ እየጫኑ ያሳደጉን ሰው ናቸው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የጎንደሩ ሐኪም ቀኙ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካገኘ እንደሚተርፍ፣ ከዘገየ ግን ምንም ማድረግ እንደማይቻል ነግሮኛል። ቀጠሮው ዓርብ ጠዋት ነው። እስካሁን ሁለት ቀጠሮ አምልጦናል፤ ሁለቱንም ጊዜ አባቴ በስልክ የሰጡኝ ምክንያት አንድ ነበር። "ልጄ፣ ተራዬ ደርሷል። አሁን ከወጣሁ ወደ ጭራ ነው የምመለሰው።"

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ደባርቅ ላይ በቅሎ ነጂዎች የሚሠሩት በተራ ነው። በየጠዋቱ አንድ ግቢ ይሰበሰባሉ፣ ተራ አስከባሪው ስም ይጠራል፣ ያለ ሰው "አለሁ" ይላል። እንግዳ ሲመጣ ፊት ያለው ጭኖ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከመጨረሻ ይሰለፋል። በጥሪ ሰዓት የጎደለም ከመጨረሻ ይሰለፋል። ለቅሶ ሆነ ሠርግ፣ ምክንያት አይሰማም። እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ደግሞ ተራው ንቅንቅ አይልም፤ አባቴም ከፊት ሆነው ከተማዋን አለቅም ብለዋል።

ረቡዕ ረፋድ፤ ዳባት

ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስን አለፍን። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይሰፋል፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ ባህር ዛፉ በነፋስ ጎንበስ ቀና ይላል። አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። አንዲት ሴትዮ ዶሮዋም ትፈተሽ እንደሆነ ጠየቀች፤ ፈታሹ ራሱ ሳቀ።

ዳባት ገበያ ነው። የእህል ጆንያ፣ በግ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ መንገዱን የዘጋ ጋሪ። በመስኮት ቅቅል ድንች ከሚጥሚጣ ጋር ገዛሁ። ጣቴን እያቃጠለኝ በላሁት፤ ከማንኛውም የሆቴል ቁርስ ይበልጣል። ሹፌሩን ላካፍለው ብዬ ወሬ ጀመርን።

"ሥራ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ሰሞኑን ተመስገን ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳን የፈረንጅ ጓዝ ጭኜ ደባርቅ ገብቻለሁ። ከዚያ በፊትም እንዲሁ።"

ድንቹ አፌ ውስጥ ቀረ። "እርግጠኛ ነህ? በበቅሎ የሚሄዱ ናቸው?"

"ድንኳኑን ከጣሪያ ያወረድኩት እኔ ነኝ እኮ። በቅሎ ነጂዎቹ ተቀብለው እዚያው ጫኑት።"

እሑድ ዕለት በስልክ "ምንም እንግዳ የለም፣ ተራዬ ግን አንደኛ ነው" ያሉኝ አባቴ ናቸው። አባቴ ደግሞ አይዋሹም። ከዳባት እስከ ወቀን፣ ከወቀን እስከ ደባርቅ መስኮቱን ስከፍት ስዘጋ የጎኔን ሰው አሰለቸሁት።

ረቡዕ ቀትር፤ ደባርቅ

ደባርቅ ያደገ ሰው እንግዳን በጫማው ያውቃል። እኛ ልጆች ሳለን "ሄሎ"ን የለመድነው "እንደምን አደሩ"ን በወጉ ሳንለምድ ነው። ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ ተራራችንን አይቶ ይሄዳል፤ እኛ የሚሄደውን እያየን እንቀራለን። ሥራችንም፣ ወሬያችንም፣ ጸሎታችንም የሌላ ሰው መምጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እውነቱን ልናገርና ይህን መጠበቅ ጠልቼ ነው የወጣሁት። ጎንደር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈትኩ፤ ማሽኑ ቢያንስ ቁልፉን ስጫነው ይንቀሳቀሳል።

ዛሬም ዋናው መንገድ ያው ነው። ግድግዳው ላይ ዋልያ የተሳለበት ሆቴል፣ ቀለሙ የተላጠ ሌላ ሆቴል፣ የሱፍ ኮፍያ የሰቀሉ ሱቆች፣ ሥራ ፈት ባጃጆች። ከሱቆቹ አንዱ ውስጥ ግን ሁለት ነጫጭ ሰዎች ኮፍያ ሲለኩ አየሁ።

አባቴ ግቢያችን ውስጥ የጭነት ገመድ እየዳበሱ ይጠግናሉ። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ግንባሬን ሊስሙኝ ሲሉ ከንፈራቸው ጆሮዬ ላይ አረፈ።

"ነገ እንሂድ አባባ። ዓርብ ቀጠሮ ነው።"

"ጥቅምት ነው እኮ ልጄ። እንግዳ የሚመጣው አሁን ነው። ተራዬ ወጥቶ ልምጣ፣ ከዚያ በኋላ ወደፈለግሽው ውሰጂኝ።"

ረቡዕ ከሰዓት፤ የሊማሊሞ አፋፍ

ቁጭ ብዬ መዋል አልቻልኩም። ባጃጅ ይዤ ወደ ሊማሊሞ አፋፍ ወጣሁ፤ ተራ አስከባሪው ሙሉቀን በቅሎዎቹን እዚያ ያሰማራል ብለውኝ ነው። ከታች የጭነት መኪኖች እየጮኹ ዳገቱን ይታገላሉ። ሙሉቀን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ጭነት አስተሳሰር ያስተማሩት ሰው ነው፤ ሲያየኝ ብድግ አለ።

"እንግዳ እየመጣ አባቴ እንዴት አልሄዱም?" አልኩት፣ ሰላምታውን እንኳን ሳልጨርስ።

በቅሎዎቹን አየ፣ ጫማውን አየ።

"አያ ፈንቴ አያዩም፣ እህቴ ስመኝ" አለኝ በመጨረሻ። "መንገዱ ገደል ነው። እርሳቸውንም በቅሎይቱንም ልንቀብር ነው? አይሂዱ ብንላቸው ደግሞ ማን አፍ አለው? ስማቸውን አንደኛ እንጠራለን፣ 'አለሁ' ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ቀጣዩ ሰው በጓሮ በኩል ይጭናል። አክብረናቸው ነው።"

መናደድ ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። እኔ ብሆንስ? እኔም ማታ ራት ላይ ልነግራቸው ሦስቴ አፌን ከፍቼ ሦስቴም ጉርሻ አጎረስኳቸው።

ሐሙስ ጠዋት፤ የበቅሎ ነጂዎች ግቢ

አባቴ የበቅሏቸውን አንገት ተደግፈው ወደ ግቢው ገቡ፤ እኔ ከኋላ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሙሉቀን እኔን ላለማየት ወደ ሌላ እየዞረ ስም መጥራት ጀመረ።

"አያ ፈንቴ።"

"አለሁ" አሉ አባቴ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። "አባባ፣ ተራዎ ከደረሰ ቆይቷል" አልኩ ሰው ሁሉ እየሰማ። "እንግዳ ይመጣል። እያሳለፉዎት ነው።"

ሙሉቀን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። አባቴ ግን አልደነገጡም።

"አውቃለሁ" አሉ። "ባዶ በቅሎና የተጫነች በቅሎ ኮቴያቸው አንድ አይደለም። በጓሮ ቢያልፉስ አልሰማም?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"ሊያከብሩኝ ብለው ነው የዋሹኝ። እኔ ምን ብዬ ላሳፍራቸው? ደግሞ ከተራው ከወጣሁ ማን ነኝ ልጄ? ቤት የተቀመጠ ዕውር ነኝ።"

አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ተቆጣሁ። "እነሱ እርስዎን ሲያከብሩ፣ እርስዎ እነሱን ሲያከብሩ፣ መሃል ላይ ዓይንዎ እየጠፋ ነው።"

አባቴ የበቅሏቸውን ልጓም ሲያሻሹ ቆዩና የሙሉቀን ድምፅ ወደመጣበት ዞሩ።

"ሙሉቀን፣ ከጭራ አስገባኝ።"

"ኧረ አያ ፈንቴ፣ እስኪመለሱ ቦታዎን እንጠብቅልዎታለን። ማንም አይነካውም።"

"አትጠብቁልኝ። ጎንደር ልሄድ ነው፤ የሄደ ሰው ጭራ ነው። ከድሮም ሕጉ ይኸው ነው። ለእኔ ስትሉ ካጎደላችሁት እኔን ከሰው አጎደላችሁኝ። ድኜ ከመጣሁ ከጭራ ተነስቼ እደርሳለሁ። ካልዳንኩም ያን ጊዜ 'ውጣ' በሉኝ፣ እወጣለሁ።"

ሙሉቀን ጥሪውን ከመጀመሪያ ጀመረ። የቀጣዩ ሰው ስም አንደኛ ተጠራ፤ ሰውዬው አቀርቅሮ "አለሁ" አለ። ሌላው ተከተለ፣ ሌላውም። አባቴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እያንዳንዱን ስም ያዳምጣሉ። ስሞቹ አልቀው የእርሳቸው ብቻ ቀረ።

"አያ ፈንቴ።"

"አለሁ" አሉ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ የበቅሏቸውን ልጓም ለሙሉቀን ሰጡና እጃቸውን እኔ ወዳለሁበት ዘረጉ። "በይ ምሪኝ" አሉኝ።