አላምረው ለጥሎሽ ያመጣው ጫማ

አላምረውን አልወደውም። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ «እትዬ ይርገዱ ምነው ሐሜት አበዛች» እንዳትሉኝ ነው። ሐሜት አይደለም፤ እሱ ፊቴ ቢቀመጥም ይህንኑ ነው የምለው። ዛሬ የእህቴ ልጅ የፀደይ ባል ነው። ፀደይ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እዚሁ አዘዞ፣ እኔ ቤት፣ በእኔ እጅ ያደገች ናት። እኔ ስላልወለድኩ ልጄ እሷ ናት፣ የምትጠራኝም እማ ብላ ነው።

ሰውየው የደባርቅ በኩል ሰው ነው። ከከተማውም አይደለም፤ ወጣ ብሎ ተራራው ጫፍ ላይ ካለች መንደር ነው። ሥራው በቅሎ መጫን ነው። ፈረንጅ ተራራ ለማየት ሲመጣ ድንኳኑንና ስንቁን በበቅሎ ጭኖ ከኋላ ይከተላል። ፈረንጅ ሲጠፋ ደግሞ እህል ይጭናል፣ ጨው ይጭናል፣ የታመመ ሰውም ይጭናል። ራሱ የሚያደርገው ኮንጎ ነው፣ ያቺን የላስቲክ ጫማ፤ ክረምት ከበጋ ከእግሩ አትወልቅም። ዳገት ሲወጣ ቁልቁለት ሲወርድ የኖረ ስለሆነ መሰለኝ ሰው ሲያገኝ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። እኔን ሊተዋወቅ የመጣ ቀን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና ገና ቀና ሳይል፣ «እትዬ፣ ይኼ ጫማ ጎንዎን ይነክስዎታል። ሸጋ አይደለም» አለኝ።

ይነክሰኛል፣ እውነት ነው። ግን ማን ጠየቀው? ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው የአሳዳጊዋን እግር ይመረምራል? ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓይኑን ማየት አስጠላኝ።

ፀደይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ተምራ ስትጨርስ የተመደበችው እዚያው ደጋ ላይ ነው። የክትባት ሳጥን አንግታ ከመንደር መንደር ገደሉን ትወርዳለች፣ ትወጣለች። አላምረው ሳጥኑን በበቅሎው እየጫነላት አብረው ሲሄዱ ተላመዱ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እግዜር ይወቀው። ሽማግሌ ሲልክ እንቢ ብዬ መለስኩ። ደግሞ ላከ፣ ደግሜ መለስኩ። ፀደይ አኩርፋ ስልክ መደወል ስትተው ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩ። ሽማግሌዎቹን የመሩትን አያ ምንዳዬን ግን ለብቻ ጠርቼ፣ «በጥሎሹ ላይ ጫማው ነጭ፣ ባለ ተረከዝ፣ የሚያብረቀርቅ ይሁን። የአዘዞ ሰው እንዳይስቅብኝ» አልኳቸው። እሺ አሉ። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፣ በእሳቸው ቂም የለኝም።

አሁን የምነግራችሁን የሰማሁት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ጎንደር አራዳ ዐዚዛ የምትባል ጫማ የምትሸጥ ወዳጅ አለችኝ። አላምረው ሳያውቅ የእሷ ሱቅ ገብቶ ኖሯል። ለሠርግ የሴት ጫማ ነው የምፈልገው ሲላት ነጩን፣ ብርማውን፣ ባለ ተረከዙን ደረደረችለት። አንዱንም አልነካ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የተቀመጡትን፣ ፈረንጆች ለተራራ የሚያደርጓቸውን ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚሸፍኑ ወፍራም ጫማዎች አውርጂልኝ አለ። ከዚያ በኋላ ሱቁን ገለባበጠው። ሶሉን በሁለት እጁ ይዞ ያጥፈዋል፤ መሃሉ ላይ የሚታጠፈውን ይጥላል፣ ጣት ጋ ብቻ የሚታጠፈውን ያስቀራል። እጁን ከቶ የውስጡን ስፌት ይዳብሳል። ተረከዙን በአውራ ጣቱ ጨምቆ የሰረጎደውን ይመልሳል። በቅሎ እንደሚገዛ ሰው የሶሉን ጥርስ ይመረምራል። በመጨረሻ ከኪሱ የስንደዶ ቁራጭ አወጣ። ለካ ፀደይ ጭቃ ላይ የረገጠችውን ዳና በስንደዶ ለክቶ ይዞ ኖሯል፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ስትሄድ ውላ እግሯ አበጥ ካለ በኋላ። ስንደዶውን ጫማው ውስጥ አጋደመና ከፊቱ አውራ ጣት የምታህል ቦታ የቀረችለትን መረጠ። «ምነው ሰፊ ትወስዳለህ?» ብትለው፣ «ቁልቁለት ላይ ጣት ወደፊት ይገፋል። ካልሲውም ወፍራም ነው» አላት። ዐዚዛ ይህን ስትነግረኝ እያደነቀችው ነበር። ስንት ዘመን የኖረ ወዳጅነታችን ነው እንጂ ያን ቀን እዚያው እቆርጠው ነበር።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ዋዜማውን ፀደይን እንሶስላ ያሞቅኳት እኔ ነኝ። እጇን ሰጠችኝ፤ እግርሽን ስላት «እግሬን ተዪው እማ» ብላ ካልሲዋን ሳታወልቅ ቀረች። የዘመኑ ልጆች እንዲህ ናቸው ብዬ ተውኩት።

ጥሎሽ ሲታይ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሚዜው ቀሚሱን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ የእኛ ወገን አጠረ ይላል። ካባውን ያነሳል፣ ሳሳ እንላለን። የወንዱ ወገን አንገቱን ደፍቶ እንጨምራለን ይላል፣ ይሳቃል፣ ይታለፋል። ሙሽራው አፉን አይከፍትም፣ ሙሽራዋም ከጓዳ አትወጣም። ያን ቀንም ቀሚሱ ታየ፣ ካባው ታየ፣ ወርቁ ታየ። የሚያሳፍር አልነበረም፣ የማልወደው ሰው ነው ብዬ አልዋሽም። ስማቸው የሚባለው ሚዜ ጫማው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ዘገየ። አነሳው፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ የወታደር የሚመስል ጫማ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ተነስቼ ከእጁ ተቀበልኩት። ሞራ ሞራ ይሸታል። ቆዳው ጣቱ ጋ ተጨማዷል። ገልብጬ ሳየው በሶሉ ጥርስ ውስጥ የደረቀ ጭቃ አለ።

«ይኼ ሰው ያደረገው ጫማ ነው» አልኩ።

እስከዚያ ድረስ የምናገረው እንደ ደንቡ ነበር፤ አሁን ግን ደሜ ፈላ። ለሙሽራ ጥሎሽ ያገለገለ ጫማ ሲመጣ በዕድሜዬ አላየሁም፣ የባላንጣም ልጅ ላይ አልተደረገም። አላምረው ደንብ የማያውቅ ነውና ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው።

«አዲስ ነው እትዬ» አለ። «ያለሰለሰችው ሚስጥር የምትባለው እህቴ ናት። ከፀደይ ጋር እግራቸው እኩል ነው። ከገና በፊት ጀምራ እንጨት ለቀመችበት፣ ውሃ ቀዳችበት። ሞራውን የቀባሁት እኔ ነኝ። አዲስ ጫማ አድርጎ ቁልቁለት የወረደ ሰው ቆዳው ይላጣል። አሁን አይነክሳትም።»

«የልጄን ጥሎሽ እህትህ እንጨት ስትለቅምበት ከረመች?»

«አዎ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

አያ ምንዳዬ ብድግ አሉ። «እንጨምራለን» አሉ፤ «አሁኑኑ አራዳ ሰው ይላካል፣ ነጩ ይመጣል። እትዬ ይርገዱ፣ በእኔ ይሁንብዎ።» እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ እኔም እቀመጥ ነበር፣ ወገኖቼም መቀመጥ ጀምረው ነበር። አላምረው ግን እንደገና ተናገረ።

«ነጩ ይምጣ አያ። ይኼ ግን አይመለስም። ፀደይ የሁለቱም እግሯ የአውራ ጣት ጥፍር ወልቋል።»

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የልጄን ገመና አወጣው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ስታንሾካሹክ ሰማኋት። «የልጄ ጥፍር ሙሉ ነው» አልኩ። «ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ እግሯን አንተ አትነግረኝም። ጫማህን ያዝና ውጣ። ሠርጉም ቀርቷል።» ጫማውን እግሩ ስር ወረወርኩት። እንዲህ ማለት ይገባኝ ነበር፣ ዛሬም ይገባኛል እላለሁ።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ፀደይ ወጣች። ነጭ ለብሳ፣ እኔ የገዛሁላትን ነጭ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋ። ማንንም አላየችም። በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ጫማውን አወለቀች፣ ካልሲዋን አወለቀች።

ጥፍር አልነበራትም። በአንደኛው ጣት ቦታው ቀይ ሆኖ እርጥብ ነበር፣ በሌላው ጠቁሮ ደርቋል።

ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እኔ ቤት ስትመጣ ካልሲ የማታወልቀው ለዚህ ነበር። እማ አመመኝ አላለችም። ካጠብኳት፣ ካለበስኳት፣ ትምህርት ቤት ካደረስኳት ከእኔ ደብቃ ለበቅሎ ጫኝ አሳየች። ልጄ እየተጎዳች መሆኑን የማላውቅ ሴት ተደርጌ በገዛ ድንኳኔ ውስጥ ቆምኩ፤ ያንን ያደረገብኝ እሱ ነው።

አላምረው ጫማውን ከመሬት አንስቶ አቧራውን በኮቱ ጠረገና ከጎኗ አስቀመጠ። ከኪሱ ወፍራም ካልሲ አውጥቶ ሰጣት። ክሩ ረጅም ነው፤ እስክታስር ድረስ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ጠበቀ። ስትቆም ልክክ ብሎላታል። ያንንም አየሁ።

«ፀደይ» አልኩ፣ «ያንን አድርገሽ ከዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪ።»

«እማ፣ ሥራዬ ገደል ላይ ነው» አለች። ከዚያ እንደ ሙሽራ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ጉልበቴን ሰበሰብኩ። ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ቆየችና ቀና ብላ ሄደች።

ሠርጉን እነሱ ጋ ጨረሱት። ሽማግሌ ለእርቅ ሲመጣ ሰው እንግዳ አይመልስምና አስገባለሁ፣ አበላለሁ፣ አጠጣለሁ፤ ስለ እርቁ ሲያነሱ ግን ወሬ እቀይራለሁ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ጭቃው ላይ ዳና አየሁ። ያ ጥርሳም ሶል ነው፣ የትም ባየው አልስተውም። ከመንገዱ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቤቴ በር መጥቷል። በሩ ስር ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ብዙ ቆማ ነው መሰል ጠልቋል። ከዚያ ዞሮ ተመልሷል። ከአጥሩ ጥግ የኮንጎ ዳና አለ፣ እሱ እዚያ ቆሞ ጠብቋት ነው። ዝናቡ ሊነጋ ሲል እስኪያባራ ድረስ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስለነበር ብታንኳኳም አልሰማ ይሆናል። ደግሞ አላንኳኳችም ይሆናል። ብታንኳኳና ብትገባ ኖሮ መጀመሪያ እሰድባት ነበር፣ እሱን ደግሞ ከበሩ አላሳልፈውም ነበር።

ያን ቀን የትም አልሄድኩም። በርጩማ አውጥቼ በር ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ የምታመላልሰውን ጎረቤቴን በዚያ በኩል ዙሪ አልኳት፤ የወተት ሻጩንም በዚያ በኩል ዙር አልኩት። ምነው ሲለኝ ተቆጣሁት። ወደ ማታ ዝናብ መጣና ዳናውን ከጭቃው ጋር አመሳሰለው። ዝናቡንም ሰደብኩት።