ዓይኗን ሳትጨፍን የምትጸልየው ልብስ ሰፊ

በሴቶች የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ የተኛችውን ሴት ባሏ የመታት በመዶሻ እጀታ ነው። መንጋጋዋ ተሰበረ። ፊቷን ልትከልል ያነሳችው የግራ እጇም ጣቶቹ ደቀቁ። ሐኪሞቹ ጥርሷን በሽቦ አሰሩ፣ እጇን በፋሻ ጠቀለሉ። ከዚያ ተራው የበጎ ፈቃድ አጽናኞች ሆነ።

ልብስ ሰፊዋ ከአጽናኞቹ አንዷ ናት። እናቷ እዚሁ ሆስፒታል ስታጣጥር አንዲት የማታውቃት ሴት አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋም ሱቋን እየዘጋች ትመጣለች። ስብከት አትችልም። ትራስ ታስተካክላለች፣ የደረቀ ከንፈር በጥጥ ታረጥባለች፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ሲጸለይ ደግሞ ዓይኗን አትጨፍንም። ባልደረቦቿ ሲያሾፉባት፣ «አንዴ ስፌት መኪና ላይ ዓይኔን ጨፍኜ አውራ ጣቴን ከሰው ሱሪ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ስፌቱን ተረተርኩት፣ ጥፍሬ ግን እስከ ዛሬ ይመሰክራል» ትላለች።

የአጽናኞቹን አለቃ ሁሉም ጋሼ ሰብሳቢ ይሉታል፤ ጡረታ የወጣ የመጋዘን ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። የተጣላ ማስታረቅ ይወዳል፤ የታረቀችው ሴት ቤቷ ገብታ በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚገጥማት ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«ነገ ትወጣለች» አላት ለልብስ ሰፊዋ ኮሪደር ላይ። «ባሏ ተጸጽቷል፣ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። እጃቸውን አያይዘን እንጸልይላቸውና ይዟት ይሂድ።»

«ታላቅ እህቷ ልትወስዳት ከሌላ ከተማ መጥታ በር ላይ ቆማለች እኮ። እሷ ራሷስ ምን አለች?»

«አፏ በሽቦ ታስሮ ምን ትበል?»

«ታዲያ እስኪፈታላት አንጠብቅም?»

«አንቺ ልጅ፣ የሰው ትዳር አታፍርሺ።»

«መንጋጋዋን ያፈረሰው ማን ሆነና ጋሼ?»

ጋሼ ሰብሳቢ ትቷት ሄደ። ባልየውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ።

ግንበኛ ነው። ጢሙን ተላጭቷል፣ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ጋሼ ሰብሳቢ የሚስቲቱን በፋሻ የተጠቀለለ እጅ አንስቶ በዚያ ሲሚንቶ በበላው መዳፍ ውስጥ አኖረላት። «ዓይናችንን እንጨፍን» አለ።

ሁሉም ጨፈኑ። ከልብስ ሰፊዋና ከግንበኛው በቀር።

ግንበኛው ሚስቱን እያየ አውራ ጣቱን በፋሻው ላይ አሳረፈና ተጫነ። ጮክ ብሎ «አሜን» እያለ ተጫነ። ሴትየዋ አትጮህ ነገር ጥርሷ ታስሯል፤ በአፍንጫዋ ቀጭን ሲቃ ወጣ። ጋሼ ሰብሳቢ ልቧ የተነካ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ።

ልብስ ሰፊዋ የግንበኛውን ትንሽ ጣት ጨብጣ ወደ ኋላ ገለበጠችው። ቀጭ አለ። ግንበኛው በክርኑ አፏን አላት፤ የፊት ጥርሷ ወለሉ ላይ ወደቀ። የግሉኮሱን ማንጠልጠያ ብረት ነቅሎ ትከሻዋን ሲደግማት ብርቱካኑ ከአልጋ ሥር ተንከባለለ። እሷ ጣቱን አልለቀቀችም።

«ምን ነካችሁ? ጸሎት ላይ ነን እኮ» አለ ጋሼ ሰብሳቢ፣ ዓይኑን ገልጦ።

«ጸሎት ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለች ደም እየተፋች። «እሱ ሥራ ላይ ነው። ፋሻውን ይዩት።»

አየው። አዲሱ ፋሻ ቀልቶ ነበር።

ዘበኞቹ ደርሰው ግንበኛውን ሲይዙት ሴትየዋ ከትራሷ ቀና አለች። በሽቦው መሐል፣ ምራቅና ደም እየተቀላቀለ፣ «አልሄድም» አለች። «ከሱ ጋር አልሄድም።» ክፍሉ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም።

በማግስቱ እህቷ ወሰደቻት። ግንበኛውን ፖሊስ ጥቂት አቆይቶ ለቀቀው፤ ዛሬም ግድግዳ ሲያቆም ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ግን «በመንፈሳዊ አገልግሎት ላይ ድብድብ አስነሳች» ተብላ ከአጽናኞቹ ተባረረች። እንዲህ ነው የሚፈረደው። እሷም እንደማንኛውም ጠያቂ በመጠየቂያ ሰዓት ትመጣለች፤ ጋሼ ሰብሳቢ ያያታል፣ «ውጪ» ብሏት አያውቅም።

እሱ አሁን የሰው እጅ ከማያያዙ በፊት እጁን አገላብጦ ያያል፣ በሽተኛይቱንም ይጠይቃታል። ይህ እንዲገባው የአንዲት ሴት ጣቶች ሁለቴ መሰበር ነበረባቸው።