ስላልታመማችሁ እግዜር ይስጥልኝ

ጋሼ እምሩን የማውቃቸው ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ ከተመደብሁበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ከሌላው የሚለዩት ቀብር የሚያስፈጽመው የሰፈሩ ቅሬ ጥሩንባ ነፊ በመሆናቸው ነው። ሰው ሲሞት ከቤታቸው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥተው ይነፋሉ፤ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲቀልዱ እንኳን ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። እኔ ቶሎ የምቆጣና ብዙ የማወራ ስለሆንሁ ይመስለኛል፣ ከመጀመሪያው ቀን ወደድኋቸው።

የጤና መድህን ወደ ቀበሌያችን የመጣ ዓመት መከራዬን አየሁ። ነገሩ ከባድ አይደለም። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ ከዚያ ከቤቱ የታመመ ሰው የአባልነት ደብተሩን ይዞ ሄዶ ኪሱን ሳይነካ ይታከማል። ይህንኑ ቤት ለቤት እየዞርሁ ስናገር ጉሮሮዬ ደረቀ። ስብሰባ ስጠራ የሚመጡት ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ውሻ ናቸው። ቢቸግረኝ ጋሼ እምሩ ዘንድ ሄድሁና "እርስዎ ሲነፉ አገሩ ሁሉ ነቅሎ ይመጣል፤ ለምዝገባውም ይንፉልኝ" አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና "ይሁን" አሉ። እኔም ሆንሁ እሳቸው ነገሩን እስከ ጫፉ አላሰብነውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነፉት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ተሸክመው መጡ። አንዲት ሴትዮ ማን እንደሞተ እንኳን ሳታውቅ ከሩቅ ጀምራ እያለቀሰች ደረሰች። የቅሬው ዳኛ ጋሼ መሳፍንት እያለከለኩ "ማን ነው የሞተው?" ብለው ጠየቁ።

"እስካሁን ማንም" አሉ ጋሼ እምሩ።

ዛሬ ይህን ሳወራው እስቃለሁ። ያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። በቁም ላለ ሰው ጥሩንባ መንፋት ሟርት ነው ተባለና ቅሬው እዚያው ተቀመጠ፤ ጋሼ መሳፍንትም አንድ ሸክም እንጨት ለቅሬው እንዲያስገቡ ፈረዱባቸው። "ማርያማዊት ናት ንፉ ያለችኝ" ቢሉ ፍርዱ ወደ እኔ ይዞር ነበር። ስሜን አላነሱም። እኔም ፈሪ ነኝና ዝም አልሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የተናገሩት ይህችን ብቻ ነው፦ "ለሞተ ስጠራችሁ አንድም ቀን ቀርታችሁብኝ አታውቁም። ለታመመ ግን ጠርቻችሁ አላውቅም። ጥሩሸዋ የታመመች ጊዜ ጠርቼ ቢሆን ኖሮ እያልሁ እኖራለሁ።"

ጥሩሸዋ ልጃቸው ነበረች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ትኩሳት ጣላት። ሐኪም ቤት ለመውሰድ በግ መሸጥ ነበረባቸው፤ በግ ለመሸጥ ደግሞ የገበያውን ቀን መጠበቅ። ገበያው አንድ ቀን ሲቀረው ሞተች። ጥሩንባውን የነፉት አባቷ ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ የሚነፋ አልነበረም። ይህንን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከአፋቸው የሰማው ግን የዚያን ቀን ነው። እንጨቱን ተሸክመው አስገቡ። በዚያው ሳምንት ከግማሽ የሚበልጠው አባወራ ተመዘገበ፤ ጋሼ መሳፍንትም ጭምር።

በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ የጋሼ እምሩን ባለቤት እትዬ ይዘንጋሽን ሆዳቸውን ቁርጠት ያዛቸው። ተጠርቼ ስደርስ እትዬ ይዘንጋሽ መደብ ላይ ተጠቅልለው ያቃስታሉ፤ ጋሼ እምሩ ሁለት በግ በገመድ አስረው ደጅ ቆመዋል።

"ወዴት ሊወስዷቸው ነው?" አልኋቸው።

"ገበያ።"

"ዛሬ እኮ ገበያ አይደለም፣ ጋሼ።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። ገመዱን ግን አልለቀቁም።

ገመዱን ከእጃቸው ላይ ፈትቼ ደብተሩን አስያዝኋቸው። ጎረምሶቹ እትዬ ይዘንጋሽን በቃሬዛ ተሸክመው በጭቃው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው፤ ነርሷ አይታ ሪፈር ጻፈች፤ አምቡላንስ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ወሰደን። ትርፍ አንጀት ነበር፤ ሊፈነዳ ምንም አልቀረውም። ቀደው አወጡት። ሐኪሙ "ነገ ብትመጡ ኖሮ አልደርስላቸውም ነበር" አለን።

ከዚያ በኋላ ጋሼ እምሩ ያደረጉትን አልረሳውም። ሂሳብ የሚከፈልበት መስኮት ሄደው ስንት እንደሆነ ጠየቁ። ምንም የለብዎትም ተባሉ። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው ጠየቁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ገንዘብ ያዧ ልጅ "አባባ፣ አለቀ እኮ" አለቻቸው።

"ታዲያ ማን ከፈለው?"

"ሕዝቡ ነዋ" አለችና ወደሚቀጥለው ሰው ዞረች።

ልጅቱ ሥራ በዝቶባት የተናገረችውን ጋሼ እምሩ ልባቸው ውስጥ ከተቱት። እትዬ ይዘንጋሽን ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ድንገት "የትኛው ሕዝብ?" ብለው ጠየቁኝ። ከፍለው ያልታመሙት ሰዎች ገንዘብ የታመመውን እንደሚያሳክም አስረዳኋቸው። ስም ዝርዝራቸውን እንድሰጣቸው ለመኑኝ።

"ምን ሊያደርጉላቸው?"

"ላመሰግናቸው ነዋ።"

ዝርዝር እንደሌለ፣ ገንዘቡም የቀበሌያችን ብቻ ሳይሆን የሌላውም አገር ሰው፣ የዘመሮም ጭምር እንደሆነ ነገርኋቸው። "የዘመሮን ሰው በምን አውቀዋለሁ?" ብለው በጣም ተከዙ። ስንት ሥልጠና ገብቼ፣ ስንት ወረቀት አንብቤ ይህ ጥያቄ ለእኔ አንድ ቀን እንኳን መጥቶልኝ አያውቅም።

መኸሩ እንደተሰበሰበ ሥራቸውን ጀመሩ። በየደጁ እየሄዱ ቆባቸውን አውልቀው "ስላልታመማችሁ እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። ሰው ግራ ገባው። ገበያ ላይ የዘመሮ ነጋዴዎች አግኝተው እንዲሁ ቢሏቸው፣ ሊሸጡልን የፈለጉት ነገር አለ ብለው ተጠራጠሯቸው። እማሆይ አመተሥላሴ ደግሞ "እኔን እንኳን አታመስግነኝ፤ ወገቤን ያመኛል" አሏቸው።

"ሐኪም ቤት ሄደዋል?"

"አልሄድኩም።"

"እንግዲያው ይቆጠራል፤ እግዜር ይስጥልኝ።"

ይህን ስሰማ በጣም ተቆጣሁ። ሰው እያመመው ቤቱ እንዲቀመጥ ሊያመሰግኑ ነው ወይ ብዬ ጮህሁባቸው፤ እማሆይንም በነጋታው ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ጋሼ እምሩ ጥፋታቸውን አመኑ። ከዚያ ወዲህ አስቀድመው "ደኅና ነህ? ምንም አያምህም?" ብለው ሳያጣሩ ማንንም አያመሰግኑም።

የደብተር እድሳት ሲጀመር ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ጋሼ መሳፍንት ከቅዳሴ መልስ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከፍለው አንዲት የራስ ምታት ክኒን እንኳን እንዳልወሰዱ፣ ከእንግዲህም እንደማይከፍሉ ተናገሩ። እሳቸው ደግሞ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ሃያ የሚሆን አባወራ ደብተሩን ማሳደሱን ትቶ የእሳቸውን አፍ ይጠብቅ ጀመር። ሃያ ቤት ከወጣ ሌላውም ይከተላል፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚታመም ሰው ደግሞ በግ ጎትቶ ገበያ ይጠብቃል። እንቅልፍ አጣሁ።

ልለምናቸው ቤታቸው ሄድሁ። በግ አጋድመው ጠጉሯን በመቀስ ይሸልታሉ። የማውቀውን ሁሉ ተናገርሁ፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው "ያልኩት ያልኩት ነው" ይላሉ። በዚህ መካከል ጋሼ እምሩ ገቡና ቆባቸውን አወለቁ።

"መሳፍንት፣ እግዜር ይስጥልኝ ልልህ ነው የመጣሁ።"

"ለምኑ?"

"ስላልታመምህ።"

ጋሼ መሳፍንት የተቀለደባቸው መሰላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። "ያቺን አንድ ሸክም እንጨት እስካሁን አልረሳሃትም?"

"እንጨቷስ ትገባኝ ነበር፤ ሰዉን አስደንግጫለሁ። የኔ ነገር ሌላ ነው። ይዘንጋሽ የዳነችው በሰው ገንዘብ ነው። የኔ የሦስት ዓመት መዋጮ የመርፌውን እንኳን አይችልም። ሰው ጤና ሆኖ ያልነካው ገንዘብ ነው ያወጣት። አንተ ሦስት ዓመት አልነካኸውም።"

መቀሱ ቆመ።

"ጥሩሸዋ የሞተች ጊዜ መቃብሯን የቆፈርህ አንተ ነህ። መሬቱ ድንጋይ ነበር፤ እጅህ ሲደማ አይቻለሁ። ለሱ ሳመሰግንህ ኖሬአለሁ። ይኸኛው ግን ይበልጥብኛል።"

ጋሼ መሳፍንት መቀሱን አነሱ። በጓ መንፈራገጥ ስትጀምር ጋሼ እምሩ ቁጭ ብለው የኋላ እግሯን ያዙላቸው፤ ሁለቱም መሸለታቸውን ቀጠሉ። እኔ ትቻቸው ወጣሁ። መንገድ ላይ ለብቻዬ አለቀስሁ፤ እግዚአብሔር እኚህን ሰው የሰጠኝ ለሥራዬ ብቻ ሳይሆን ለራሴም ነው አልሁ።

በማግስቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስደርስ ጋሼ መሳፍንት በር ላይ ቆመው ነበር። ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። ደብተራቸውን አውጥተው "አድሺ" አሉኝ። አድሼ ደረሰኙን እየቆረጥሁ፣ አፌ አያርፍምና "ዘንድሮም ሳይታመሙ ቢከርሙ ቅር አይልዎትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ ካልታመምሁ የታመመ ይዳንበት" አሉ። ደረሰኙን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሊሄዱ ሲሉ መለስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለእምሩ ግን አለመታመሜን እንዳትነግሪው፤ መጥቶ ያስለቅሰኛል።"