ለእናቴ ጉልበት ሜዳ ፍለጋ

እናቴ ተወልዳ ያደገችው አሰብ ነው። አሰላ የመጣችው አባቴን አግብታ ሲሆን ብርዱን ለምዳዋለች፤ ባሕሩን ግን አልረሳችም። ስንዴው ቢጫ ሳይሆን ነፋስ ሲያስተኛውና ሲያነሳው ካየች አጥሩን ተደግፋ ትቆማለች። «እንዲህ ነበር» ትልና ወደ ቤት ትገባለች። ልጅ ሆኜ ስለ ስንዴው የምታወራ ይመስለኝ ነበር።

ከአሰብ ስትወጣ ዕድሜዋ እንደኔ እንደ አሁኑ ነበር። አያቴ «ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም» ብላ እዚያው ቀረች። ድንበሩ ሲዘጋ መንገዱም ስልኩም ተቋረጠ። አያቴ ማረፏን የሰማነው ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከአንድ መንገደኛ ነው። እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም። «ካረፈች ስንት ዘመኗ! አሁን ምን ብዬ ሰው እጠራለሁ?» አለችና የጀመረችውን ልብስ ማጠብ ቀጠለች።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ ጉልበቷ ብሶባት አገኘኋት። ሐኪሙ ብዙ እንዳትቀመጥ፣ በየመሐሉ ሜዳ ሜዳውን እንድትራመድ ነግሯታል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ላደርግላት ፈለግሁ። የአባቴ ወንድም በአይሱዙው ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ሽንኩርት ያመላልሳል። ከእሱ ጋር ብንወርድ፣ በመንገዱም እየቆምን ደልዳላ ደልዳላውን ብንራመድ፣ መጨረሻ ላይ ሰፊ ውኃ ታያለች ብዬ አሰብሁ። ባሕር ባይሆንም ውኃ ነው። ጉልበቷ ከዓመት ዓመት እየባሰ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ማቆየቱን ፈራሁ።

መራመጃ ቦታ መምረጥ ግን እንዳሰብሁት አልሆነልኝም። የዶርም ጓደኛዬ የበቆጂ ልጅ ናት፤ ሯጭ ናት። «ከአሰላ በላይ አንድ መንገድ አለች፤ ቀላል ናት፣ ትንሽ ዳገት ብቻ ነው ያላት» አለችኝ። ቀድሜ ልሞክረው ብዬ ወጣሁና ግማሹ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ፈለግሁ። ከዚያ በኋላ ምክር የጠየቅሁት ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ብቻ ነው።

የሄድን ዕለት አጎቴ እናቴ ወደ ጋቢናው የምትወጣበት የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ አስቀመጠላት።

«እትዬ፣ ይሄ መኪና ሽንኩርት እንጂ እመቤት ጭኖ አያውቅም» አላት።

«ሽንኩርቱ ካላስለቀሰህ እኔ አስለቅስሃለሁ። ክንዴን ያዝ ይልቅ።»

መጀመሪያ የቆምነው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ስንዴው የታጨደበት ሜዳ ላይ ነው። ኮምባይነር የደለደለው መንገድ ስለነበር እናቴ ምርኩዟን ይዛ ቀስ እያለች ተራመደች። አንድ ገበሬ ከማሳው ማዶ ጮክ ብሎ «መኪናው ተበላሸ?» አለን።

«አይ፣ ደህና ነው» አልሁት።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ?»

«እየተራመድን ነው።»

«ወዴት?»

አጎቴ «ወደ መኪናው!» ብሎ ገላገለኝ። እናቴ እስክንሳፈር ድረስ ሳቀች።

ሁለተኛ የቆምነው ቀጣር ወንዝ ድልድይ ጋ ነበር። በወንዙ ዳር ያሰብሁት መንገድ ድንጋይ በድንጋይ ሆኖ ስላገኘነው ድልድዩን ብቻ ወዲያና ወዲህ ተመላለስን። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ከነፋሱ ነጥቃ እንደነገሩ ራሷና አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። እንዴት እንደለበሰችው ልብ አላልሁም።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ፤ ግራሩም በዛ። በቀኝ በኩል ሐይቁ ብልጭ ሲል «እማ፣ ያውልሽ» አልኋት። ፊቷን ወደ አጎቴ አዞረች።

«በመስኮት አላይም። ቆሜ ነው የማየው» አለች።

አጎቴ አንዲት ኮረኮንች መንገድ አፍ ላይ አወረደን። «ሽንኩርቱ ተጭኖ ሲያልቅ እደውላለሁ። ዳገቱን በጨለማ አልወጣም፤ ብትቆዩ ውኃውን ሳታዩ ነው የምንመለሰው» ብሎ ሄደ።

ውኃው ቅርብ ነው ተብዬ ነበር። ጥቂት እንደሄድን ሸራ የተወጠረበትና ሰው የተሰበሰበበት ግቢ አጠገብ ደረስን። አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ ወጣች። እናቴን ስታይ ጀሪካኑን አስቀምጣ መጣችና ሁለት እጆቿን ያዘቻት። «ኮቱ፣ ኮቱ ሴኒ፤ ነይ፣ ግቢ» እያለች ወደ ግቢው ትመራት ጀመር።

ያን ጊዜ ነው ነጠላዋን ያየሁት። ዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ አንገቷን ከቧል። በእኛ ዘንድ እንዲያ የሚለበሰው ለለቅሶ ነው። የዚያ ግቢ ሰዎች ሙስሊሞች ቢሆኑም የጎረቤት ወግ ነውና ያውቁታል። ለቀስተኛ መስለናቸዋል።

«እማ፣ አይደለም እንበላቸው» አልሁ በሹክሹክታ።

«የለቅሶ ቤት ደጅ ተደርሶ አይታለፍም» አለችና ገባች።

ሴቶቹ ሰሌን ላይ ቦታ ለቀቁላት። እናቴ የማይታጠፈውን እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አጠገቧ የነበሩ አሮጊት «ሶብር አድርጊ» እያሉ ጀርባዋን ያሹላት ጀመር። ትንሽ ቆይተው «በምን ትዛመጃለሽ?» አሏት።

«አልዛመድም። ማን እንደሞተም አላውቅም፣ እማማ።»

ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ።

«ታዲያ የምታለቅሽው ለማን ነው?»

«እኔን ለወለደችኝ። ሩቅ አገር፣ ባሕሩ አጠገብ ነው የተቀበረችው። አላለቀስሁላትም።»

አሮጊቷ ሌሎቹን ሴቶች አየት አደረጉና «የእኛም የሞተችው እናት ናት። ቁጭ በይ፤ አብረን እናለቅሳለን» አሉ።

ስልኬ ጮኸ። ወደ ውጭ ወጣሁ። አጎቴ ጭነቱ አልቋል።

«የት ናችሁ?»

«ለቅሶ ቤት።»

«የማን ለቅሶ?»

«አላውቅም።»

«ተራመዱ ብዬ ሳወርዳችሁ ለቅሶ ገባችሁ?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እያለቀሰች ነው?»

«አዎ።»

«እሺ፣ ታልቅስ። ግን ዳገቱን አስቢው፣ ልጄ።»

ተመልሼ ስገባ እናቴን ተነሺ ማለት አልቻልሁም። ከበሩ አጠገብ ቆሜ የፀሐዩን ማዘንበል እያየሁ፣ ውኃውስ ቀረ አልሁ በልቤ። በመጨረሻ ራሷ ምርኩዟን ፈለገች። ጀሪካን ይዛ ያገኘናት ሴት አብራን ተነሣች፤ እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም። ወዴት እንደምንሄድ ስነግራት በመጣንበት አልመለሰችንም። ከጓሮ አውጥታ በመስኖው ቦይ ዳር ወሰደችን።

እኔ በስልክ ስጠይቅ፣ ሰው ሳስቸግር የከረምሁት ለዚህ መንገድ ነበር። አንድም ዳገት የለውም፤ አፈሩ ልስልስ ነው፤ በአንድ በኩል ውኃው ይፈስሳል፣ በሌላው ሽንኩርቱ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ሴትየዋ በእናቴ እርምጃ ልክ ሄደች። ሐይቁ ዳር ካለው ደንገል አጠገብ ስንደርስ «ሲመሽ ጉማሬ ይወጣል፤ አትቆዩ» ብላን ተመለሰች።

ሐይቁ ጭጋግ ለብሶ ማዶው አይታይም ነበር። እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ትከሻዬን ይዛ፣ ውኃው ቁርጭምጭሚቷን እስኪነካ ገባች። ብዙ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣቷን አጥልቃ ቀመሰች።

«ጨው የለውም» አለች።

ላስደስታት ብዬ ይሄን ሁሉ መንገድ አምጥቻታለሁ። ፊቴ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ሳይሆን አልቀረም፤ ጉንጬን በእርጥብ እጇ ነካችኝ። የአጎቴ ጥሩንባ ከሩቅ እስኪሰማ ድረስ እዚያው ቆምን።

ዳገቱን የወጣነው በብርሃን ነው። አሰላ ስንደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አጎቴ ሳጥኑን አስቀመጠና እናቴ ወረደች። ከእሷ ጋር ለዓመታት ቡና የተጣጣችው ጎረቤታችን በራፏ ላይ ቆማ ነበር። ነጠላውን አየችው።

«ምነው? ማን ሞተ?»

ነፋስ ነው ልላት አፌን ከፈትሁ። እናቴ ቀደመችኝ።

«እናቴ» አለች።

ጎረቤታችን መቼ ብላ አልጠየቀችም። የራሷን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ዘቀዘቀችው፤ የእናቴንም ክንድ ይዛ ወደ ቤታችን ገባች።