እባክዎን የማትል ማሽን

ቁጥር የሚወድ ሁሉ አንድ ሳምንት እኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ያንሳ። የኦክስጅን ማሽን በምንሠራበት ፋብሪካ የጥገናውን ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። «ማሽኑ ቆሟል፣ ስህተት ሠላሳ አንድ ይላል» ይሉኛል። ሠላሳ አንድ ምን እንደሆነ የሚያስረዳው መመሪያ የት እንዳለ ስጠይቅ አያውቁትም። በሽተኛ አጠገብ ቆሞ ወረቀት የሚፈልግ ሰው ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ይህን ጉድ ያስቀረችልኝ መቀስ ናት። መቀስ የምንላት የማሽኑን ኦፕሬቲንግ ሲስተም የምትጽፈውን ባልደረባችንን ነው፤ ከፕሮግራሙ ላይ ትርፍ ነገር ስትቆርጥ ስለምትውል። ሰላምታዋ እንኳ አጭር ነው።

የመቀስ አማት ሳንባቸው ደክሟል። ልጃቸውና ምራታቸው ሥራ ሲሄዱ ከማሽናችን ጋር ብቻቸውን ይውላሉ። ባለፈው ክረምት ማሽኑ ቆሞ ቁጥር ብቻ ሲያሳያቸው፣ ጎረቤት እስኪደርስላቸው ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። መቀስ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች። አዲሱ ማሽን ሲበላሽ በቁጥር ፈንታ ምን መደረግ እንዳለበት ስክሪኑ ላይ በቃላት እንዲናገር ቆርጣ ተነሳች።

ችግሩ ቦታ ነው። የማሽኑ ሜሞሪ ከጥፍር የምታንስ ናት፤ ፕሮግራሙ ራሱ ተጨናንቆ ነው የሚገባባት። አለቃችን «ቁጥር ይበቃል፣ ቃሉን መመሪያው ላይ እንጽፈዋለን» አለ። እሷ አልተከራከረችም፤ ሄዳ ሥራዋን ጀመረች።

የሚደጋገሙትን ቃላት፣ «ከጀርባ»ንና «ያውጡ»ን የመሳሰሉትን፣ አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጣ መልእክቱ ሁሉ ከዚያ እንዲዋስ አደረገች። የጻፈችውን መልእክት ደግሞ ይገባቸው እንደሆነ ለማየት በምሳ ሰዓት አማቷ ጋ እየደወለች ታነብላቸዋለች።

«እማማ፣ ማሽኑ የአየር ፍሰት ቀንሷል ቢልዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ አዝናለሁ።»

ሰረዘችው። እኔ ምሳዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀርቶ ስስቅ እሷ ፈገግ እንኳ አላለች። በሌላ ቀን «ማጣሪያው ታፍኗል፤ ከጀርባ አውጥተው ያራግፉ» የሚለውን አነበበችላቸው። ይኼኛው ገባቸው፤ ግን ሌላ ቅሬታ አመጡ።

«እባክዎን የለውም እንዴ?»

«ቦታ ይፈጃል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ባለጌ ናት።»

«እባክዎን» ከመልእክቱ ሁሉ ወጣ። ያም ሆኖ የመልእክቱ ግማሽ ሜሞሪዋ ውስጥ አልገባም። ሊቆረጥ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ሲበራ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የአበባ ሥዕል። አለቃችን በገዛ እጁ የሣለው ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየዋል። መቀስ ቢሮው ገብታ ሥዕሉ ከመልእክቶቹ ሁሉ የበለጠ ቦታ መያዙን አሳየችው። እኔም ነገሩ አላስችል ብሎኝ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«አበባዬን ልታነሺ ነው?» አላት።

«ማሽኑ ሲሠራ ሰው ስክሪኑን አያየውም። የሚያየው ሲቆምበት ነው።»

ሥዕሉን ደጋግሞ አየና «በቃ አንሺው» አላት፤ ቀኑን ሙሉ ግን አኩርፎ ዋለ። እኔ ያን ቀን ባቅፋት ደስ ይለኝ ነበር፤ መታቀፍ አትወድም እንጂ።

አዲሱ ማሽን አማቷ ቤት ከገባ ከወራት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት የጥገናው ስልክ ጮኸ። ሳነሳ እሳቸው ናቸው። መቀስን ጠርቼ ድምፁን ለሁለታችን ከፈትኩት።

«ያቺ ባለጌ ማሽንሽ ዛሬ ቀጥ አለችብኝ» አሉ።

መቀስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «ምን አለችዎት?»

«ምን ትላለች፣ አውጥተው ያራግፉ ብላ አዘዘችኛ።»

«አራገፉት?»

«ታዲያ ማን ያራግፍልኝ? ቤት ውስጥ ሰው የለ።» ረጅም አየር ሳቡ። ከኋላቸው የማሽኑ ጉርምርምታ ይሰማል። «ማጣሪያውን መልሼ ስከትላት አመሰግናለሁ እንኳ አላለችኝ፤ ዝም ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ቁርጥ አንቺን።»

መቀስ ስልኩን ከእጄ ወስዳ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትንፋሻቸውን ታዳምጥ ጀመር።