ዘግይታ የምትጮኸው ነፍጥ

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያ ወቅት በጀማ ሸለቆ ሣሩ ሰው ይውጣል፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ላይ አይነሳም። እናንተ እዚህ ለንደን ያደጋችሁ ልጆች ነብር ሲባል ቴሌቪዥን ላይ ያያችሁት ነው የሚመጣላችሁ። የኛው ግን ሰው መዳፈር ለምዶ፣ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ላይ ዘሎባት ነበር።

ልንገድለው የወጣነው እኔና ጌታነህ ነን። ጌታነህ ወታደር የነበረ፣ ዒላማ የማይስት፣ ቀልደኛ ሰው ነው። የቸገረን መሣሪያ ነበር። ደርግ የመጣ ሰሞን ቀበሌው ጠመንጃችንን ሁሉ ሲሰበስብ፣ የጌታነህን አያት ነፍጥ ብቻ «ይቺማ የግድግዳ ጌጥ ናት» ብለው ስቀው ትተዋታል። ባሩድና አረር ባፏ የምትጎርስ፣ በባልጩት ብልጭታ የምትተኩስ አሮጊት ናት። እኔ የያዝኩት ጦር ነው።

ዱካውን ወንዙ ዳር አገኘነው። መዳፉ ያረፈበት ጭቃ ገና ውሃ አልቋጠረም፤ ቅርብ ነው ማለት ነው። ጌታነህ ባሩዱ እንዳይርስ ነፍጧን ጋቢው ውስጥ አቅፏት ይሄዳል። «ሙሽራ መሰለችህ እንዴ?» ስለው፣ «ከሙሽራም በላይ ናት፤ ዛሬ እሷ ካኮረፈች አለቀልን» አለኝ።

ከአንድ ሾላ ሥር፣ ቁጥቋጦው ውስጥ፣ የነብሩን ዓይን አየሁ። ጌታነህም አይቶታል። አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ። ድንጋዩ ቋ አለ፣ ብልጭ አለ፣ ትንሽ ጭስ ቦነነ። ከዚያ ዝም። ጌታነህ ወደኔ ዞሮ «ከሸፈ!» አለ። አፈሙዟን ወደ መሬት ዝቅ ሲያደርግ ያን ጊዜ ጮኸች፤ አረሩ እግሩ ሥር ያለውን አፈር በተነው። ነብሩ በጀርባው ተከመረበት። ጦሬን እንዴት እንደሰካሁ ዛሬም አላውቅም፤ ነብሩ እዚያው ሞተ። ጌታነህም ቁስሉ አመርቅዞ ሳምንት አልቆየም።

ቁስሉ ጀርባው ላይ ስለነበር አገሩ ሁሉ «ሲሸሽ ነው የያዘው» አለ። እኔ ያየሁትን ብናገር «ለጓደኛው ያደላል» ተባልኩ። ነፍጧንም በኋላ ቀበሌዎቹ ወሰዷት።

ለንደን ከገባሁ በኋላ፣ ኪልበርን ውስጥ የጥንት ነፍጥ አስመስሎ የሚሠራ አንድ እንግሊዛዊ ዘንድ ሥራ አገኘሁ። አንድ ቀን፣ እሷም እዚሁ ለንደን የምትኖረው የጌታነህ ልጅ ሰናይት ወርክሾፑ ድረስ መጣች። «ጋሼ፣ የአባዬን ነፍጥ ይሥሩልኝ። የተኩስ ክለብ አፕላይ አድርጌ ተቀብለውኛል። እንዳያሳምሩት ግን፤ ልክ እንደነበረ።» ከዚያ አቀርቅራ፣ «እውነት ሸሽቶ ነው?» አለችኝ። «አልሸሸም» አልኳት። እንዳላመነችኝ ፊቷ ላይ አየሁ።

ሠራኋት። ሰደፏን በእጄ ጠረብኩ፤ በቆዳ የታሰረውን ስንጥቅ ሳይቀር ደገምኩት። እሳቱ ከውጭ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባት ቀዳዳ ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘ። የድሮዋ ጠባብና ጠማማ ነበረች፤ ተኩሱን የምታዘገየው እሷ ናት። አለቃዬ «ሰፋ አድርጋት፣ ቶሎ ትተኩሳለች» አለኝ። እምቢ አልኩት። ቀዳዳዋ ከተቃናች የጌታነህ ነፍጥ መሆኗ ቀረ።

ክለቡ ሜዳ ላይ ባሩዱን ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ስለ መዘግየቷ ለሰናይት ምንም አልነገርኳትም። አጠገቧ ቆሜ፣ ወደ መሬት ዝቅ እንዳትል በርሜሏን ከሥር አጥብቄ ያዝኩ። ሳበች። ቋ፣ ብልጭታ፣ ጭስ፣ ዝም። የጀማ ጉም ሸተተኝ፤ እጄን ግን አልለቀቅሁም።

ሰናይት ወደኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ አልሠራም እኮ!» አለች። ቃሏን ሳትጨርስ ነፍጧ ጮኸች።

ጭሱ ተበተነ። ሰናይት ወደኔ እንደዞረች ቀርታለች። እጇን አንስታ ጉንጯን ዳሰሰች።

«አባዬም እንዲህ ነው የዞረው?»

«እንዲህ ነው፣ ልጄ።»

ሣሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ጀርባው የቆሰለ ሰው ሳይ ሸሸ ለማለት አልቸኩልም። እናንተ ስለ ነብሩ ነው የጠየቃችሁኝ፤ ነብሩማ ሞቷል። እኔ የምፈራው ያችን ዝምታ ነው። ነፍጥ በሞከርን ቁጥር፣ ከብልጭታው በኋላ ጌታነህ ወደኔ ይዞራል። «አትዙር!» ልለው አፌን እከፍታለሁ፤ ነፍጧ ትቀድመኛለች።